መሪው ጥሎን አልሄደም

የምስክር ቃል መቀበያ

መጠሪያ፦ «ገመዴ» (የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት፤ ሙሉ ስሙ በመዝገብ ተይዟል)
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ በወሩ 14ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20

ይህን ቃል የምሰጠው ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ መጥቼ ነው። ከአራት ወር በፊት በውጭ አገር ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ለዚያው አገር ፖሊስ «የተራራ መሪያችን በማዕበል ውስጥ ጥሎን ወረደ» የሚል ቃል ሰጥቻለሁ። ከተመለስኩም በኋላ በዚሁ ጣቢያ ያንኑ ደግሜ ፈርሜያለሁ። በሁለቱም ቦታ የተናገርኩት ሐሰት ነው። መሪው በእኔ ቃል ምክንያት የሥራ ፈቃዱን ተነጥቆ በሚቀጥለው ወር በዚያው አገር ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። በመሆኑም የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ።

በተራራው ላይ የሞተው ሰው የታናሽ እህቴ ባል ሲሆን በአንድ ወርክሾፕ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ከእህቴም ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ። ከፍታ የሚባል ነገር አያስፈራውም ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በአሳንሰር ጉድጓድ ተንጠልጥሎ እያፏጨ ነበር የሚሠራው። ተራራ መውጣትን ያስለመደኝም እሱ ነው። በአገራችን ያሉትን ከወጣን በኋላ በሰው አገር ያለ፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የማይለቀው ትልቅ ተራራ እንውጣ ብሎ ሁለት ዓመት ጨቀጨቀኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። የምንሄድ ቀን እህቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና «እሱን አላዘውም፤ ወንድሜ፣ ያንተ ቃል ነው የሚያስተኛኝ። ይዘኸው ና» አለችኝ። «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ» አልኳት።

መሪያችን ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ አጭር፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። የእኛም የእሱም ባልሆነ ቋንቋ እየተሰባበርን እንግባባ ነበር። ገና ከታች ሳለን አንድ ሕግ አስያዘን። ጫፉ ላይ ደረስንም አልደረስንም፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን፣ ወይም ሰማዩ ከዚያ በፊት ከከፋ በዚያው ቅጽበት፣ ፊታችንን እናዞራለን። በየተራ አስደገመን። ሁለታችንም ቃል በቃል ደገምን።

በመጨረሻው ሰፈር ማዕበል ያዘንና ሁለት ቀን ከድንኳን አልወጣንም። ነፋሱ ድንኳኑን ፊታችን ድረስ እየደፈጠጠ ይመልሰው ነበር። አማቼ «አሳንሰር ተቀርቅሮብን ቴክኒሻን የምንጠብቅ መስለናል እኮ» አለ። «ቴክኒሻኖቹ እኛው ነን፤ ማንን ነው የምንጠብቀው?» ብዬ ስመልስለት በጣም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ጋብ ሲል ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስታችንም በአንድ ገመድ ተያይዘን ተነሳን። መሪው ፊት፣ እኔ መካከል፣ አማቼ ኋላ ነበርን። 6 ሰዓት ከ20 ሲሆን መሪው ቆመና በስተምዕራብ ያለውን ሰማይ አሳየን። እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። «በቃ፣ እንመለስ» አለ። ጫፉ ግን ከፊታችን ወለል ብሎ ይታይ ነበር።

አማቼ «ገና ሰዓታችን አልደረሰም! ግማሽ ሰዓት ብቻ!» አለ። መሪው «ሕጉን የተስማማነው ሳንደክም፣ አእምሯችን ሙሉ ሳለ ነው። አሁን የምትሰማው የጉጉትህን ድምፅ ነው» አለው። አማቼ መንጠቆውን ከገመዱ ፈታ። መሪው ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ንገረው፤ አንተን ይሰማል» አለኝ። ይህን ያለኝ ሁለት ጊዜ ነው።

በቀድሞው ቃሌ «እሱን ለመመለስ ብዬ ተከተልኩት» ብያለሁ። ውሸት ነው። ጫፉን እኔም ፈልጌው ነበር። «እኔም እሄዳለሁ» ብዬ መንጠቆዬን ራሴ ፈታሁ። መሪው እጄን ያዘኝ፤ አስለቀቅሁት። እንደማይመልሰን ሲያውቅ የራሱን የእጅ ባትሪና ፔርሙዙን በቦርሳዬ ከተተልኝና «ከዚህ ቋጥኝ ሥር እስከ 8 ሰዓት እጠብቃችኋለሁ» አለ። ጥሎን አልሄደም፤ ጥለነው የሄድነው እኛ ነን።

ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳንሄድ ደመናው ዋጠን። የገዛ ጫማዬን ማየት አልቻልኩም። ወዲያው በእጃችን የያዝነው የበረዶ መጥረቢያ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ጀመር። ፀጉሬ ከቆቤ ሥር ሲነሳ ተሰማኝ። እኛ ዕድሜያችንን ከኤሌክትሪክ ጋር የኖርን ሰዎች ስለሆንን ድምፁን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብንም። አማቼ «ኮረንቲ ነው! ጣለው!» ብሎ ጮኸ። ሁለታችንም መጥረቢያችንን ወረወርን። ከዚያ በኋላ መብረቁ በአቅራቢያችን ሲወድቅ መሬቱ ከሥራችን ዘለለ። አማቼ ክንዴን ጨብጦ «እንውረድ፤ ይቅርብን» አለኝ። ፈርቶ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ወደ ታች ስንመለስ መጥረቢያም ገመድም የለንም። መተያየት ስላልቻልን እኔ ከፊት ሆኜ «አለህ?» እላለሁ፤ እሱም ከኋላ «አለሁ» ይላል። እንዲህ እየተጠራራን ለምን ያህል ጊዜ እንደወረድን አላውቅም። በመጨረሻ «አለህ?» ስል «አለሁ» የሚለው ድምፅ የመጣው ከኋላዬ ሳይሆን ከግራ በኩል፣ ከእግሬ በታች ነበር። ሲወድቅ አልሰማሁም። ስሙን ጠራሁ። «አትምጣ፤ ጠርዙ ባዶ ነው» አለ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። ቀጥሎ በረዶ ሲናድ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ብጠራው መልስ የለም።

ፖሊስ «ያኔ ምን አደረግህ?» ብሎ ለጠየቀኝ መልሴ፣ ምንም አላደረግሁም ነው። አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀስኩም። ሱሪዬ ላይ ሽንቴን ለቅቄያለሁ። የቀኝ እጅ ጓንቴ መቼ እንደወለቀ አላውቅም። የራሴን ትንፋሽ ሰው መስሎኝ «ማነው?» እያልኩ ቆምኩ።

የፉጨት ድምፅ የሰማሁት በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው። መሪው ፊሽካ እየነፋ፣ ከቋጥኙ ጋር ያሰረውን ገመድ ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በእጁ እየዳበሰ ወደ ላይ መጣ። ሰዓቱን ያየሁት በእሱ እጅ ላይ ሲሆን 9፡10 ይል ነበር፤ ማለትም እጠብቃለሁ ካለው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አልፏል። አልተቆጣኝም። ከገመዱ ጋር አሰረኝና «ሁለተኛውስ?» አለ። በእጄ አመለከትኩት። በደረቱ ተኝቶ እየተሳበ ወደ ጠርዙ ሄደ፤ ገመዱ እስከሚያደርሰውም ድረስ ወረደ። ስንት ጊዜ እንደተጣራ አልቆጠርኩም። ሲመለስ ቅንድቡ በረዶ ሠርቶ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም የቀኝ እጄን በብብቱ ሥር ከትቶ ጥቂት አቆየና እስከ ድንኳኑ ድረስ አወረደኝ። አየሩ ሲከፈት፣ በወደቀ በስድስተኛው ቀን፣ የአማቼን አስከሬን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ያወጣውም እሱ ነው።

ውሸቱ የተጀመረው በስልክ ነው። ሆስፒታል ሳለሁ እህቴ ደወለች። አላለቀሰችም። «ማነው ትቶት የሄደው?» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ «መሪው» የሚል አንድ ቃል ነው። እሷ ከሰሰች፤ ፖሊስ አልጋዬ ድረስ መጣ፤ እኔም ያንን አንድ ቃል ላለማጠፍ ሌላውን ሁሉ ፈጠርኩ። ያስገደደኝ ሰው የለም። የእህቴን ፊት ፈርቼ ነው።

ባለፈው እሑድ መሪው ደወለልኝ። ሊሰድበኝ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። «ጣቶችህ እንዴት ሆኑ?» አለኝ። ሁለቱ ተቆርጠዋል አልኩት። «ከቋጥኙ ቀደም ብዬ ብነሳ ኖሮ» አለ። ስለ ክሱ አንዲት ቃል አላነሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልኝ ብሏል።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እህቴ ቤት ሄጄ አሁን የተናገርኩትን በሙሉ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር። እስክጨርስ ማጠፏን አላቆመችም። ስጨርስ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ፣ በሩን ቆልፋ ተከተለችኝ። መንገዱን ሁሉ ከኋላዬ ነው የሄደችው። አሁን ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣለች። ቃሏን ልትሰጥ ይሁን፣ ክሱን ልታነሳ ይሁን፣ ወይስ እኔን ልትከስ፣ አላውቅም። ይህን ስጨርስ በዚያው በር እንደምወጣ ስለማውቅ እየፈራሁ ነው።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ፣ ሁለት ቦታ አስተካክዬ፣ እንደተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ቀድሞ የሰጠሁት ቃል ቀርቶ ይህ እንዲያዝልኝ፣ አንድ ቅጂም የመሪው ጉዳይ ወደሚታይበት ፍርድ ቤት እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። በሐሰት በመመስከሬ ሕግ የሚያመጣብኝን እቀበላለሁ። የተናገርኩት እውነት ነው።

የመስካሪው ፊርማ ____________ (በግራ እጅ የተፈረመ)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡55