ሴሎቹን ማን ገደላቸው?

ክቡር ዲናችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የላቦራቶሪ ቤተሰቦቼ፤ አዳራሹን አሳምራችሁ ስለምትሸኙኝ እግዜር ይስጥልኝ። አንድም የሚወዛወዝ ወንበር አላየሁም። ለካ ደህና ደህናዎቹን እስከዛሬ ደብቃችኋቸው ኖሯል!

"ንግግርሽን አሳጥሪ" ተብያለሁ። ማን አለኝ? ዲናችን! እሳቸው ሰላምታ ሰጥተው ሳይጨርሱ የስንታችን ሻይ ቀዝቅዟል? ይሁን፣ አሳጥራለሁ። አንድ ታሪክ ብቻ።

ሹክሹክታ የምንላትን የባዮሎጂ ተማሪ ታስታውሷታላችሁ? ጆሯችሁን ካላስጠጋችሁ የማትሰማዋን? የመመረቂያ ጥናቷን ከአንድ የምህንድስና ተማሪ ጋር ነበር የምትሠራው። እሱ የተሰበረ አጥንት የሚያያይዝ ብሎን ይሠራል፤ እሷ ብሎኑ አጠገብ የአጥንት ሴሎች ታሳድጋለች። ከብሎኑ ወደ ሴሎቹ የሚገባ ነገር ካለ ደግሞ የኔው ጉድ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው ማሽን፣ ክብደቱን መዝኖ ምን እንደሆነ ይናገራል።

ሴሎቹ ሞቱ። እንደገና አሳደገች፤ እንደገና ሞቱ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! የምህንድስና ሰዎች "የእናንተ ሴል ሞልቃቃ ነው" አሉ። እኛም "የእናንተ ብረት መርዝ ነው" አልን። ሻይ ቤት እንኳ ጠረጴዛ ለይተን ተቀመጥን፤ ያውም ይሄን ሁሉ ሽበት ይዘን። መሃል ላይ የቀሩት ልጆቹ ናቸው። ሴሎቹ ካልኖሩ ጥናት የለም፣ ጥናት ከሌለ ምርቃት የለም። እሷማ አንዴ ደግማ ስለነበር፣ አሁን ከወደቀች መባረሯ ነው።

አንድ ቀን ማሽኑ ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋት። "ቲቸር፣ ሴሎቹ ውስጥ የገባው እኮ ብረት አይደለም" አለችኝ። አየሁት። እውነትም አይደለም፤ ተራ የማሽን ዘይት ነው! አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን ላይ ዘይት ምን አባቱ ይሠራል?

ዲናችን፣ ቀና ይበሉ እንጂ፤ ምን ያቀረቅራሉ?

እንግዲህ ጎበዝ፣ ዲናችን ወርክሾፕ ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። ደረቅ ብረት ሲያዩ አንጀታቸው አይችልም። ያቺን ዘይት የጠጣች ጨርቅ ከኪሳቸው መዘዝ ያደርጉና ጠረግ ጠረግ ነው፤ የበር እጀታ እንኳ አይምሩም። የልጆቹንም ብሎኖች፣ ታጥበው ካበቁ በኋላ "እስቲ ልያቸው" ብለው ይወስዱና፣ እንዳይዝጉ በፍቅር ቀባብተው ይመልሷቸው ነበር።

ጭንቁ አሁን መጣ። የፈተና ቦርዱ ሰብሳቢ ማን ናቸው? እሳቸው! "ዘይቱ ከየት መጣ ቢሉኝ ምን እላለሁ?" አለችኝ። "ያየሽውን" አልኳት። ለኔ ማለቱ ቀላል ነው፤ የምባረረው እኔ አይደለሁ!

የፈተናው ዕለት ጠየቋታ! መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቆጣ ብለው፣ "ታዲያ ብሎኑን ማን ቀባው?" አሏት። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ የኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ "እርስዎ" አለቻቸው።

እኔማ አለቀላት ብዬ ነበር። ዲናችን ጨርቋን አወጡ፣ ገልበጥ አድርገው አዩዋት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። "ልክ ነሽ ልጄ። ሴሎችሽን የገደልኳቸው እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያም ለቦርዱ "ጊዜ ይጨመርላትና ባልተቀባ ብሎን ትሞክረው" አሉ። ሞከረችው። ሴሎቹ ኖሩ፤ ሁለቱም ልጆች ተመረቁ።

ዲናችን፣ እስከዛሬ በዚህ ነገር ስቀልድብዎት ኖሬያለሁ፤ ወደፊትም አልተውዎትም። ግን በዚህ ቤት ስሠራ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። በእሷም፣ በእርስዎም።

ከነገ ጀምሮ ማሽኑን የምትረከበው እሷ ናት። ያቻት፣ ጥግ ላይ ፊቷን ሸፍናለች። ውጤታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ "ልክ አይደለም" ብትላችሁ እንዳታኮርፉ፤ አደራ።

በሉ እንግዲህ፣ ልመርቃችሁ። ጤና አይጉደልባችሁ። ቤታችሁ ይሙላ። ስህተታችሁን ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ሰው አትጡ፤ ሲነግራችሁም የሚሰማ ጆሮ ይስጣችሁ። ተማሪዎቻችሁ ይብለጧችሁ፤ የበለጧችሁ ቀን ደግሞ ደስ ይበላችሁ።