ፍርድ ያዘለ ጥያቄ

ሰው መልስ ሲፈልግ የሚፈልገው እውነቱን ነው ወይስ ወገኑን? ፀዳል ባሕር ማዶ ተሻግራ ፖለቲካ ተምራ ቤተሰቧ ወዳለበት ወደ ዴንቨር አጎራባች ከተማ ኦሮራ ብትመለስም፣ የዚህን ጥያቄ መልስ ይዛ አልመጣችም።

አንድ አመሻሽ ዳውንታውን ዴንቨር ባቡር ስትጠብቅ ጋሽ ለገሠን አገኘቻቸው። የአባቷ ወዳጅ ናቸው፤ ከፓርኪንግ ሥራቸው ወጥተው ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነው። ስልካቸው ውስጥ አንድ ሰው በቁጣ ይጮኻል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ይኼ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የተጣላው?»

«ከውሸታሞች ጋር!» አሉ ጉንጯን እየሳሙ። «እኔ ካለ እሱ ዜና አልሰማም።»

«ጋሽ ሀብተሚካኤልስ ደኅና ናቸው?»

ሳቃቸው ጠፋ። ሀብተሚካኤል አበልጃቸው ነው፤ ልጃቸውን ክርስትና ያነሣ። በጦርነቱ ጊዜ እህቱ አገር ቤት ሞታ ሎውሪ ሰፈር ባለው ቤቱ ለቅሶ ሲቀመጥ፣ የማያውቀው ሰው ሳይቀር ደርሶ ጋሽ ለገሠ ብቻ ቀሩ።

«መሞቷን መች ካድኩ?» አሉ። «‹መንገድ ተዘግቶ፣ መድኃኒት አጥታ ነው› አለኝ። ውሸት! ለቅሶውን የፖለቲካ መድረክ አደረገው፤ እኔ እዚያ አልቀመጥም ብዬ ቀረሁ።»

«ውሸት መሆኑን በምን አወቁ?»

«ጉግል አደረግኩ! እናንተ ብቻ የምታውቁት መሰላችሁ?»

«ምን ብለው?»

ኮራ ብለው ስልኩን ሰጧት። የጻፉት «የመድኃኒት እጥረት ውሸት ሲጋለጥ» የሚል ነበር።

«ጋሼ፣ ከሳሹን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«ጉቦ በልቷል እላለኋ!»

«ይኼም የጻፉት ጥያቄ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ውሸት ብለው ስለላኩት፣ ውሸት ነው የሚሉትን ለቅሞ አመጣልዎ።»

«ታዲያ የእነሱን ስም ማጥፋት ቁጭ ብዬ ላንብብ?»

«ማንበብ ማመን አይደለም፤ አንብበው ይጣሉት።»

«ይኼ ጉግል ራሱስ አያዳላም?»

ይህ የራሷም ጥርጣሬ ነበር።

«ሊያዳላ ይችላል» አለች። «መጀመሪያ ላይ የሚያወጣው ሁሉ እውነት አይደለም። ግን ይኼ የሚጮኸው ሰው የሚያሰማዎት ራሱን ብቻ ነው። እዚህ አጥብቀው ከጠየቁ ሌላውም ይሰማል።»

ባቡሩ መጣና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀዳል ሟቿ የነበረችበትን ከተማ ስም፣ «ሆስፒታል» እና «መድኃኒት» ብላ ብቻ ጻፈች። ቀጥላም የመንግሥት ተቃዋሚዎች የመንገዱን መዘጋት በሚጠሩበት ስም ፈለገች። የመንግሥት መግለጫ መጣ፤ የተቃዋሚ ጽሑፍ መጣ፤ የሐኪሞች ቃልም መጣ።

«ይኼ ቀባጣሪ ነው!» አሉ ጋሽ ለገሠ አንዱን ሲያነቡ።

«ይለፉታ።»

አለፉት። ቀጣዩን ግን ጀምረው ቀስ አሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡ።

«ይኼ እኮ የእኛ ሰው ነው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከጥንት የማምነው ነው። እሱም... መንገዱ ተዘግቶ ነበር ይላል። መድኃኒት አልገባም ይላል።»

ወደ እሷ ዞረው፣ «ልጄ፣ እኔ ለቅሶ የቀረሁት ለእውነት ብዬ አልነበረም?» አሏት።

ፀዳል መከራከር እንጂ ማጽናናት አልተማረችም። እጃቸውን ያዘች።

«ፖለቲካዬን ግን አልቀየርኩም!» አሉ ድንገት።

«መች ይቀይሩ አልኩ?»

እውነቷን ነው። የሌላውን ወገን ቃል የሚያነብ ሰው የግድ የራሱን ወገን ይከዳል ማለት አይደለም። ፍርዱን ሳያስቀድም ይጠይቅ፤ ማን፣ ለምን እንደጻፈው ይመርምር፤ ከዚያ ቢቃወምም የሚቃወመውን አውቆ ይቃወማል። በሐሳብ ተለያይቶም እንኳ አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ማልቀስ ይችላል። ሀብተሚካኤል ለቅሶ ላይ የተቀመጠው የሚያስተዛዝነው ፈልጎ እንጂ ደጋፊ ፈልጎ አልነበረም።

«ይደውሉላቸው» አለች ፀዳል።

«አያነሣልኝም። እጽፍለታለሁ።»

በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ ጻፉ፦ «አበልጄ፣ የእህትህን ነፍስ ይማር። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር ዛሬ አነበብኩ። ያኔ ግን አንተን ማመን ነበረብኝ። አሁን ብመጣ ታስገባኛለህ?»

ላኩት። መድረሱን ስልኩ አሳየ።

ፋሲካ አለፈ፤ ክረምቱም ገባ። ሀብተሚካኤል አልመለሰም።