ድንጋይ የተሸከመችው ጫልቱ

ጎሮ፣ የአክስቴ ልጅ ናሆም ቤት፣ በዳይስና በወረቀት የምንጫወተው ጨዋታ አለ። ናሆም ታሪኩን ይመራል፤ እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነን እንገባበታለን። እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ስለዚህ ለገጸ ባሕርይዬ ችሎታ የተሰጠኝን ነጥብ በሙሉ «አንደበት» የሚለው ላይ አድርጌ ጫልቱ የምትባል አስታራቂ ፈጠርኩ። አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ ቢኒ የሚጫወትበት ጦረኛ የአንድ ባላባትን ልጅ አቁስሎ ታሰረና ሊሰቀል ሆነ። አስፈቺው ተባልኩ። ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ስወረውር ትልቁ ቁጥር፣ ሃያ ወጣልኝ። ናሆም ግን «ቁጥሩስ ጥሩ ነው፤ ምን ብላ ለመነችው?» አለኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ጫልቱ የተጻፈችበት ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ።

«ኧረ ልሰቀል እኮ ነው! ወረቀቱን ስጪኝና እኔ ላውራላት» አለ ቢኒ።

ወረቀቱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና «ምንም አላለችም» አልኩ። «ድንጋይ ተሸክማ ደጁ ላይ ተንበረከከች።»

«ታዲያ ያ ሁሉ አንደበት ምን ሊሠራላት ነው?» አለ ቢኒ።

«ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ብዙ ካወራ የባሰ ያስቀይማል። አንደበት ያላት ሴት ደግሞ ይህን ታውቃለች» አልኩት።

ናሆም ትንሽ አሰበና በባላባቱ ድምፅ «ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው እምቢ አልልም። ተነሺ ልጄ፣ የፈለግሽውን ንገሪኝ» አለ።

አሁን መናገር ግድ ሆነ፤ ድምፄም ወጣ። «ወንድሜን ይፍቱልኝ። የልጅዎ ቁስል እስኪድን ድረስ የሚያስታምመው እሱ ነው።»

«እኔ?» አለ ቢኒ ደንግጦ።

«አዎ አንተ። ዝም በል!» አልኩት።