የዶን ኤውሎኺዮ ወለል

በወደብ ከተማዋ በብሉፊልድስ ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም። አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ዶፍ ያዘኝና ከዶን ኤውሎኺዮ የእንግዳ ማረፊያ በረንዳ ተጠለልኩ። ሽማግሌው ከእህታቸው ልጅ ከኔሬይዳ ጋር ይከራከራሉ። ኔሬይዳ ዋና ከተማው ማናጓ የሕንፃ ሥራ ተምራ መመለሷ ነው።

«እንኳን መጡ መምህር፤ እስቲ ይፍረዱን» ብለው ወንበር ሳቡልኝ።

ክርክሩ የምድር ቤቱ ወለል ነገር ነው። እንግዳው አንድ ሌሊት አድሮ «ሻጋታ ሸተተኝ» እያለ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ደግሞ የወለሉ ሳንቃ ተሰብሮ የአንዲት አሮጊት እንግዳ እግር ተጎድቷል። ዶን ኤውሎኺዮ በእንግዶቹ ያሳብባሉ፤ ኔሬይዳ ግን ሳንቃው ተነስቶ ሸካራ ሴራሚክ ይነጠፍ ባይ ናት።

«ይህን ያነጠፈው አባቴ ነው» አሉ። «ሴራሚክ የሆስፒታል ነው። እንግዳዬ ሊታከም የመጣ እንዲመስለው አልፈልግም።»

«አጎቴ፣ አያቴ ሲያነጥፉት ቤቱ የቤተሰብ መኖሪያ ነበር። ዛሬ ከጀልባ የወረደ እርጥብ እግር ሁሉ ይረግጠዋል፤ በየማለዳውም በውሃ ይወለወላል። እንጨት ደግሞ የጠጣውን ቶሎ አይተፋም።»

«እሺ፣ ሴራሚክ ከሆነስ ለምን የሚያብረቀርቀው አይሆንም?»

«ያንሸራትታላ። ለዓይን አምሮ ወገብ ከሰበረ ምን ይረባል? ሸካራው ይሁን፤ ወለሉም ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል፣ ውሃው መንገዱን ያገኛል።»

ሽማግሌው ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ ሳንቃ እንድታነሳ ፈቀዱላት። ከላይ በሰም የሚያበራው እንጨት ከሥሩ ጠቁሮ፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ዶን ኤውሎኺዮ ተንበርክከው ዳሰሱት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አባቴ ይህን ቢያይ ቀድሞኝ ይነቅለው ነበር» አሉ።

ኔሬይዳ አልተሳለቀችባቸውም። ደረቁ የላይኛው ፎቅ ከነሳንቃው እንዲቆይ ራሷ ሐሳብ አቀረበች፤ ምድር ቤቱ ግን ተለወጠ። ሽታው ጠፋ፤ ማለዳ የተወለወለው ቁርስ ሳይቀርብ ይደርቃል፤ እንግዳውም ማደሩን ትቶ መሰንበት ጀመረ። የአባትን ሥራ ማክበር ቤቱን ማቆየት እንጂ ብስባሹን መጠበቅ እንዳልሆነ እኔም ያን ጊዜ ተማርኩ።

ከጊዜ በኋላ ዶን ኤውሎኺዮን ገበያ አገኘኋቸው። የዓሣ ሾርባ ቤት ሊከፍቱ ያሰቡ ዶኛ ኢሶሊና የሚባሉ ሴት ይዘው ቆመዋል።

«ወለል ሲመርጡ ዓይንዎን አይጠይቁ» ይሏቸዋል። «እርጥብ እግርዎን ይጠይቁ።»