የየኔታ ድምፅና ባለጌጡ ማጫወቻ

ቡሬ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችን ማተሚያ ማሽን በታመመ ቁጥር ተሸክሜ የምሄደው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው የህይወት ጥገና ቤት ነው። ህይወት በኮምፒውተር ተመርቃ ወደ አገሯ የተመለሰች፣ ንግግሯ ቀስ ያለ፣ ሥራዋ ግን ፈጣን የሆነ ወጣት ናት። ያን ቅዳሜ ማሽኔን ታቅፌ ስገባ ሰው ቀድሞኛል። ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ቀና ሲሉ አወቅኋቸው፤ የቡሬ ጎረቤቴ፣ የዜማ መምህሩ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ናቸው።

"እንዴት ሰነበቱ መሪጌታ? በምን እግር?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ፈረስ ቤት እየሄድሁ ነው። መኪናው እስቲሞላ ይህችን ዕቃ ላሰናብታት ብዬ ገባሁ።"

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። መሪጌታን ያስተማሯቸው የኔታ ሃይለ ሚካኤል ዛሬ ፈረስ ቤት አጠገብ በእርጅና ተቀምጠዋል። የራሳቸው የሆነ የዜማ አካሄድ አላቸው፤ ከእሳቸው በቀር እንዲያ የሚያዜም የለም። ድምፃቸው ሙሉ በነበረ ዘመን በካሴት የተቀዳው፣ በኋላም ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠው ዜማቸው መሪጌታ እጅ ይገኛል። መሪጌታ ድምፁን እየሰሙ ቃሉን በኮምፒውተር ይጽፋሉ፤ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ትተው ያሳትሙታል፤ ከዚያ እየጻፉ በጆሯቸው የያዙትን ዜማ ምልክት በብዕር ከላይ ከላይ ያኖራሉ። የኔታ በሕይወት ሳሉ ካልተጠናቀቀ የሚያርመው ሰው አይኖርም። እንግዲህ ሰውየው ሊያሰናብቱ የመጡት ይህን የሚሠሩበትን ዕቃ ነው።

"ምን አድርጎ ነው የሚያሰናብቱት?" አለች ህይወት።

"ልጄ፣ ይህ ዕቃ ሁለት ሥራ አይችልም። የኔታ ሲያዜሙ ፊደሉ ይደርቃል፤ ፊደሉ ሲሄድ የኔታ ይታፈናሉ። እኔም አልፈርድበትም። ዜማ ቁጭ ብለው በጆሮ የሚቀበሉት ነው። እየሰሙ መጻፍ ድፍረት ቢሆን ነው ዕቃው እንቢ ያለኝ።"

ኮምፒውተር ቲዎሎጂ አይማርም ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ህይወት በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ።

"እስቲ እንየው" ብላ ከፈተችው። ማጫወቻው ብቅ ሲል የስክሪኑን ፊት በሙሉ ሸፈነው። ዳር ዳሩ ወርቅማ ነው፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ቀይና አረንጓዴ መብራት ይጨፍርበታል፤ ከጀርባው ፏፏቴ ይወርዳል። የሠርግ አዳራሽ እንጂ የዜማ ማጫወቻ አይመስልም።

"የወንድሜ ልጅ ከባሕር ዳር መጥቶ የጫነልኝ ነው። ከሁሉ የበለጠውን አድርግልኝ አልሁት" አሉ መሪጌታ፣ ደስ እያላቸው።

"ያምራል" አለች ህይወት። "ግን ይህን ይመልከቱልኝ።" የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል ጉልበት እንደሚወስድ የሚያሳየውን ሰሌዳ ከፈተችላቸው። "የኮምፒውተር ሜሞሪ የድግስ ቤት አግዳሚ ይበሉት። እንግዳው ሁሉ እዚያው ላይ ነው የሚቀመጥ። የእርስዎ አግዳሚ አጭር ናት፤ ዕቃው አሮጌ ነዋ። ይህ ማጫወቻ ካባውን ዘርግቶ መካከል ላይ ተንሰራፍቷል። መጻፊያው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ድምፁን ለማውጣት አይዶለም ይህን ሁሉ ቦታ የያዘ፤ ለመብራቱና ለፏፏቴው ነው።"

"እና ምን ትይኛለሽ?"

"ቀለል ያለ ልጫንልዎ። ይኸውልዎ።" በራሷ ኮምፒውተር አንድ ግራጫ ነገር አሳየቻቸው። የመዳፍ ያህል ናት፤ ማስጀመሪያና ማቆሚያ፣ ከሥሩ አንዲት መስመር፣ ሌላ ምንም የለባትም።

መሪጌታ ፊታቸውን አጠቆሩ። "ልጄ፣ ታቦት በምን ይወጣል? ወንጌል በምን ይጠቀለላል? ክቡር ነገር በክቡር ነገር ነው የሚያዝ። ለየኔታ ድምፅ ይህን ድኻ አልሰጥም።"

እውነቱን ለመናገር የሰውየው ክርክር የሞኝ ክርክር አልነበረም። የሚያከብረውን ነገር በጌጥ የሚያከብር ሕዝብ ነን። ክፋቱ፣ ጌጡ የማንን ቦታ እንደሚነጥቅ አለመጠየቃችን ነው። እኔ ይህን እያሰላሰልሁ ህይወት ሌላ በር አገኘች።

"መሪጌታ፣ የኔታ ያስተማሩዎት በምን ቤት ነበር?"

"በሳር ጎጆ ነዋ።"

"ጌጥ ነበረበት?"

"ምን ጌጥ አለው፤ ዝናብ እንኳ በወጉ አይመልስ።"

"ድምፃቸው ጎድሎብዎት ነበር?"

መሪጌታ "አልጎደለም" አሉ። "ጎጆው ዝም ይል ነበር። እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚሰሙ።"

"ይህም እንደዚያ ነው፤ ዝም ይላል፤ እሳቸውን ብቻ ያሰማል።"

በዚህ መካከል ባለወርቁ ማጫወቻ ከመጻፊያው ጋር ታግሎ ደረቀና "ፕሮግራሙ ምላሽ አይሰጥም" የሚል ማስታወቂያ አወጣ። "ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል" አልሁ፤ መሪጌታ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

"እሺ፣ እስቲ ሞክሪው። ለማየት ያህል ነው" አሉና ከከረጢታቸው የታተሙትን ገጾች አወጡ። ምልክቱ በቀይና በጥቁር ቀለም ተደርድሯል፤ እጃቸው ያስቀናል። እነዚህን ገጾች የዚያኑ ዕለት ፈረስ ቤት ላሉት የየኔታ ተማሪዎች ሊያስረክቡ ነበር፤ ተማሪዎቹ ገልብጠው እንዲማሩበት።

ህይወት ግራጫዋን ማጫወቻ ላፕቶፑ ላይ ጫነች፣ መጻፊያውንም ከጎኗ ከፈተች፤ ከዚያ ድምፁን ለቀቀችው። የየኔታ ዜማ ሱቁን ሞላው። መሪጌታ ጣታቸውን ገጹ ላይ አኑረው በየምልክቱ ይከተሉ ጀመር። ድንገት ጣታቸው ቆመ።

"አስቁሚው።"

"ምነው?"

"እዚህ ላይ የኔታ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ምልክት አድርጌበታለሁ። አሁን ሳይወስዱ አለፉ።"

"መልሰን እንስማው?"

"ኧረ ነውር ነው። ተማሪ የኔታን ድገሙልኝ አይልም። አንድ ጊዜ ይላሉ፣ ሰምቶ መያዝ ነው። በዚህ ዕቃም ቢሆን እስከ ዛሬ ወደ ኋላ መልሻቸው አላውቅ።"

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ ደነገጥሁም። ኮምፒውተሩ ሙሉ ለሙሉ ሲደርቅ መሪጌታ ያውቁታል። ለቅጽበት ብቻ ሲደነቃቀፍና ድምፁ ቆረጥ ብሎ ሲቀጥል ግን፣ መምህራቸውን ከማክበራቸው የተነሣ፣ የየኔታ ትንፋሽ ነው ብለው ምልክት አድርገውበታል። መልሰው ቢሰሙት ኖሮ ወዲያው ይለዩት ነበር።

ህይወት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "መሪጌታ፣ የኔታ እኮ ፈረስ ቤት ቁጭ ብለዋል። የሚደግመው ዕቃው ነው። ዕቃ አይሰለች፣ አይቆጣ።"

መሪጌታ ጣታቸውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መለሱ። "እንግዲያው ይድገም" አሉ በመጨረሻ።

ደገመ፤ ትንፋሽ የለም። እንደገና ደገመ፤ የለም። ህይወት ባለወርቁን ማጫወቻ መልሳ ከፍታ፣ መጻፊያው ላይ እየጻፈች ያንኑ ዜማ ስታሰማቸው ግን ድምፁ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ቆረጥ ይል ጀመር። ከዚያ በኋላ የሚያስረዳቸው ሰው አላስፈለጋቸውም።

መሪጌታ ገጾቻቸውን አንድ በአንድ ገለጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ኀዘን እስካሁን አይረሳኝም። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አሉ። "ይህን ይዤላቸው ልሄድ ነበር። የየኔታ ጆሮ ደክሟል፤ ቢነበብላቸው ላይለዩት ይችላሉ። ተማሪው ይማረዋል፣ ለተማሪው ያስተምረዋል። በየኔታ ስም የዕቃ መደነቃቀፍ ሲወርድ ሲዋረድ ሊኖር ነበር።" ገጾቹን ወደ ከረጢታቸው መለሱ። "ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ለእኔ ነው። ልጄ፣ ያን የወርቁን አጥፊልኝ። ድኻው ይቅር።"

ህይወት አጠፋችላቸው፤ አሠራሩንም አሳየቻቸው። ከመጻፊያው ሳይወጡ ባንዲት ቁልፍ ድምፁን ማቆም፣ በሌላዋ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ፣ ዜማው ሳይወፍርና ሳይቀጥን ፍጥነቱን ማዘግየት ይቻላል። "ሌላ ጊዜም ማጫወቻ ሲመርጡ ብቻውን አይፈትኑት" አለቻቸው። "ብቻውን ሲሆን ሁሉም ጎበዝ ነው። የሚሠሩበትን ሁሉ ከፍተው፣ በላዩ ላይ እሱን ያስጀምሩት። ያን ጊዜ ጠባዩ ይታወቃል።"

"ሙሽራም የሚታወቅ ቤተ ዘመድ መካከል ነው" አሉ መሪጌታ። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ቡሬ ወዳለው ዋና ተማሪያቸው ወደ ስመኘው ደወሉ።

"ስመኘው፣ ሰሞኑን ያስተማርኋችሁን ትንፋሽ ተዉት። አዎ፣ ያንኑ። የየኔታ አይዶለም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ለሁሉም እንዲህ ብለህ ንገርልኝ።"

ተማሪዎቻቸውን በተግሣጽ የሚያንቀጠቅጡ መምህር "ስሕተቱ የእኔ ነው" ሲሉ መስማት ቀላል ነገር አይደለም። በዚያች ሰዓት ከቀድሞው የበለጠ አከበርኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ጎራ እያልሁ ሥራውን አያለሁ። የኔታ ያዜማሉ፣ ፊደሉ ይሄዳል፣ አንዱ ሌላውን አያግደውም። ያ አሮጌ ላፕቶፕ አይግልም፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ባትሪው እንደ ድሮው ቶሎ አይከዳቸውም። አጠራጣሪውን ቦታ እየመለሱ ስለሚሰሙ የተበላሸው ሁሉ ታርሟል። አዲስ ኮምፒውተር አልገዙም፤ ያላቸውን ከማያስፈልግ ሸክም አሳረፉት እንጂ። አንባቢዬም በቤቱ ያለው ማሽን ሲያቃስት ከመጣሉ በፊት፣ ማን አግዳሚውን እንደያዘበት ቢያይ ይጠቀማል።

የታረመውን ይዘው ፈረስ ቤት የሄዱ ጊዜ፣ ለየኔታ ሁሉን ሳይደብቁ ነገሯቸው። "የኔታ፣ ያልወሰዱትን ትንፋሽ ሰጥቼዎት ነበር፤ ይፍቱኝ" አሏቸው።

የኔታ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ፤ ፈቷቸውም። ከዚያ ደረታቸውን ያዝ አድርገው ሳቁና "አይ ኪዳነ ማርያም፣ ያኔ በጉብዝናዬ ምን ያደርግልኛል፤ አሁን ብትሰጠኝ ነበር እንጂ" አሏቸው።