የአውራ ጣት አሻራ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር አዲሱን የነዋሪነት ካርድ ከወረዳ መቀበል ነበር። እሱ ካረፈ ከሁለት ወር በኋላ፣ ከመገናኛ ወደ የካ ሚካኤል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ አንዲት እናት ከጎናቸው ከተቀመጠች ወጣት ጋር ሲያወሩ ሰማሁ።

«የሟች ባልሽን ካርድ ካልመለስሽ የቀበሌ ቤቱን በስምሽ አናዞርም አሉኝ ወረዳ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ይመልሱላቸዋ፣ እማማ።»

«ጣቱ እኮ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።»

«አሻራቸው ማለትዎ ነው?»

«አዎ። ግንበኛ ነበር። ሲሚንቶ ጣቱን በልቶት ማሽኑ ሦስቴ እምቢ አለ። አውራ ጣቱን በነጠላዬ ጠርጌ የጫንኩለት እኔ ነኝ።»

«ማሽኑ እርስዎን ፈርቶ ነዋ የተቀበለው።»

«እሱም እንዲሁ ብሎ ስቆብኝ ነበር።»

«ፎቶ ኮፒ ያስደርጉና ይመልሱት።»

«ፊቱንማ ኮፒው ያወጣዋል። ጣቱንስ?»



«ቤቱን ካጡ ግን የት ይገባሉ፣ እማማ?»

«የትም። ለዚህ አይደል የምሄደው።»

ወረዳው በር ላይ «ወራጅ አለ» ብለው፣ ካርዱን በመሐረብ እንደጠቀለሉት ወረዱ።

እኔ የባለቤቴን ካርድ የወረዳ ሰዎች በጠየቁኝ ቁጥር፣ ጠፍቷል እላለሁ።