ቻይና ትሂድ ወይስ ትቅር?

ከሮማናት አደባባይ ተነስቶ በዓይደር ሰፈር በሚያልፈው ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን መምህር ያወሩታል፤ እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ አዳምጣለሁ።

«ጓለይ፣ ትንሿ ልጄ፣ ቻይና ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች። ሬድዮው ግን አሜሪካ ከቻይና ጋር ተጣላች ይላል።»

«ልትበልጠኝ ነው ብላ ፈርታ ነው፣ አደይ፣ እናቴ። በዕቃዋ ላይ ቀረጥ ጣለችባት።»

«ቀረጡን ቻይና ትከፍላለች?»

«የለም፣ ዕቃውን የሚያስገቡት አሜሪካኖች ናቸው የሚከፍሉት።»

«ዋይ! ታዲያ የተቀጣው ማነው?»

«እሱ ለኔም በደንብ አልገባኝም።»

«ወንድሟ አሜሪካ ነው ያለው። ‹ቻይና ከተማርኩ ወደ እሱ አያስገቡኝም› ብላ ታለቅሳለች። መልስ እንድንሰጥ የተባልነው ደግሞ እስከ ዛሬ ነው።»

«እስክትጨርስ ይታረቁ ይሆናል።»

«ባይታረቁስ፣ ወደይ፣ ልጄ?»



መውረጃዬ ዓይደር እንደነበር ትዝ ያለኝ ታክሲው ካለፈው በኋላ ነው።